ማሽላው ውስጥ የተቀመጠ ጉባኤ

ጥቅምት ፲፰ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ጠዋት

ዛሬም ማማው ላይ ነኝ። ወፉ በዝቷል። ወንጭፉ መዳፌን ልጦታል። ደብተሬ፣ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሺኝ። የልጄ የደምሴ ብዕር ለጣቴ ይቀጥናል።

አራቱ የቅኔ ተማሪዎች ከሥሬ፣ ማሽላው ውስጥ ተቀምጠዋል። የደምሴ ጓደኞች። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር መሰብሰብ ተከልክሏል። የኔታ ወደ ደብረ ሲና ከሸሹ ወዲህ በየተራ እርስ በርስ ይማማራሉ። የዛሬው መምህር ወልዴ ነው። ቅኔው መሐል ላይ ጠፋበት። መርሻ ሳቀበት፤ የኔታ ቢሰሙህ ከፊደል ያስጀምሩህ ነበር አለው።

ወፉን በወንጭፍ ብቻ አባርራለሁ። ከጮህኩ መንገድ ላይ ሰው መጣ ማለት ነው። ያኔ ልጆቹ ዝም ይላሉ።

ጥቅምት ፳፣ ከሰዓት

የእርሻ ጎረቤቴ ጋሼ ሰይድ መጡ። መንገድ ዳር ያለ ማሽላ ሁሉ በስምንት ቀን ይታጨድ ተብሏል። ሽፍታ ይደበቅበታል ይላሉ ጣልያኖቹ። ገና እሸት ነው አልኳቸው። እሸትም ቢሆን አሉኝ። ሲሄዱ ዘወር ብለው፦ «ዘነቡ፣ ማሽላሽ ግዕዝ ይናገራል አሉ። አላህ ይጠብቅሽ።»

ሳቅኩ። ቆይቼ ግን ማማው ላይ ቆሜ መንገዱን አየሁ።

ጥቅምት ፳፭



ተራው የመርሻ ነበር። ደምሴ ሐምሌ ላይ መንገድ ዳር በጥይት ከመውደቁ በፊት የተቀኘውን ቅኔ አሰማ። እኔ ግዕዝ አላውቅም። በአማርኛ ፈታላቸው። ቅኔው ስለ ሮቢ ወንዝ ነው፤ ክረምት የሚደነፋ፣ በጋ አሸዋ ሥር ተደብቆ የሚሄድ።

ቅኔ ሲያምር የሰማ ሁሉ «ይበል» ይላል። ወጉ ነው። ልጆቹ መንገዱን አስታውሰው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እኔ አልያዝኩም። ሦስት ጊዜ ይበል አልኩ። ጮክ ብዬ። ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ።

ሁለት ባንዳዎች መጡ። ሦስቱ ልጆች በማሽላው ውስጥ ተበተኑ። መርሻ እጁን አንሥቶ ወደነሱ ወጣ። ብቻዬን ነበርኩ፣ የጮህኩትም እኔ ነኝ አለ። ወደ ማማው አንዴም አላየም። ወሰዱት።

ጥቅምት ፳፮

ጋሼ ሰይድ አጣርተው መጡ። መርሻ ጀውሃ፣ ጣልያኖቹ ዘንድ ታስሯል። ይበል ማለት የሽፍታ ምልክት ነው ብለውታል። ማንን ነው የጠራኸው እያሉ ይገርፉታል። ካልተናገረ ነገ ማታ በጭነት መኪና ይወስዱታል። ወዴት እንደሆነ ጋሼ ሰይድ አልነገሩኝም።

እናቱ ከማዶ መንደር መጣች። ደጄ ላይ ተቀምጣለች።  ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች። ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። ሐምሌን ሙሉ እንደዚያ ተቀምጫለሁ።

ጥቅምት ፳፯፣ ንጋት

ጀውሃ እሄዳለሁ። ይበል ያልኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ማንን ጠራሽ ካሉኝ፣ የሞተ ልጄን። አስተርጓሚው ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ። ድገሚው ካሉኝም በዚያው ድምፅ እደግመዋለሁ።

ደብተሬ፣ ለወልዴ እሰጥሻለሁ። የደምሴ ቅኔ በመጨረሻው ገጽሽ ላይ በራሱ እጅ ተጽፏል። የዛሬ መምህር እሱ ነው። እንዳይጠፋበት።

የመርሻ እናት ነቅታለች። ነጠላዬን እስክለብስ ቆማ ትጠብቀኛለች።