ያረፈችው ታክሲ

ልጄ ሆይ፣ የረገጥከው መሬት ይለምልምልህ። ይህን ሳትቀመጥ እንዳታነበው፤ የአባትህ ታክሲ አርፋለች። (እናታችን እየተናገረች የምጽፈው እኔ እህትህ ነኝ። የቀብሯ ቀን ገና አልተቆረጠም።)

አጎትህ ከጋራዡ መጥቶ፣ ቁልፉን አዙሮ፣ ጆሮውን ቀስሮ «ሞተሩ ነክሷል፤ ወርዶ ይፈታ» አለ። የመካኒክነት ትምህርት ቤት ከገባች ወር ያልሞላት እህትህ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ባትሪው ይታይ» ብትለው ሳቀባት። እሷ ጎንበስ ብላ ባትሪውን ነካ ነካ ስታደርግ ታክሲዋ ተነሳች። አሁን «ይሄንንማ በነጻ አስተምራት ነበር» ይላል። ታዲያ ራሱ ለምን አላየውም? ቢሆንም የትምህርት ቤቷ የዓመት ክፍያ ቁጭ ብድግ ያሰኘኛል። ትቀጥል ወይስ ጋራዡ ይበቃታል? እስኪ ምከረኝ፣ ሰላም ያክርምህ።

(«ትቀጥል» ብለህ ጻፍ፤ አለዚያ የአባባን ሬዲዮ ማን እንደሰበረ ለእማዬ ዝርግፍ አደርገዋለሁ። ለታክሲዋም አታልቅስ፤ የላላ የባትሪ ገመድ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም።)