የአገኘሁሽ ኩሬ

ለልጄ ለእየሩስ፤ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዝናቡ ግን ዘንድሮም በመስከረም ቀጥ አለና ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ።

መንግሥት ለጎረቤታችን ለአገኘሁሽ ኩሬ አስቆፍሮላታል፤ ላስቲክ ተነጥፎበት የክረምቱን ውሃ የሚይዝ። ከወሎ በአንድ መኪና መጥተን በአንድ ቀን መሬት የተመራን ሰዎች ነን፤ ዛሬ ግን በጥር ፀሐይ የእሷ ቲማቲም ተንዠርግጓል። በባጃጅ አስጭና አሶሳ ገበያ ስትወርድ በደጄ ላይ ጡሩንባ ታስነፋለች። ምነው፣ መንገድ ላይ ማን ቆሞባት ነው?

ጥፋቱስ የኔው ነው። አምና የግብርና ባለሙያዎች ዝናብ የሚያጥረውን ገበሬ ሊመዘግቡ ሲመጡ፣ እንግዳ ፊት ችግር አይወራም ብዬ ያለችኝን አንድ ዶሮ አሳርጄ አበላኋቸው። «ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝ» አልኳቸው። አገኘሁሽ ውሃ እንኳ ሳታቀምስ ባዶ ጎተራዋን ከፍታ አሳየቻቸው። ኩሬው ለእሷ ሆነ፤ ለእኔ ምርቃታቸው ተረፈኝ።

አንቺ እንደ እኔ እንዳትሆኚ። ሲያምሽ አመመኝ በይ፤ ሲርብሽም እንደዚያው።

አንዲት ነገር ላስቸግርሽ። ለአገኘሁሽ ደውለሽ፣ «የእናቴ የማንጎ ችግኞች እንዳይደርቁባት ከኩሬሽ ሁለት ጀሪካን ስጪልኝ» በያት። ከራስሽ አስመስለሽ ንገሪያት እንጂ እኔ እንዳልኩሽ እንዳታውቅ። ትናንት ራሷ መጥታ «ውሃ ላምጣልሽ?» ስትለኝ፣ «ሞልቶኛል» ብያታለሁ።

ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

እናትሽ