አፈሩ ረጥቦ ቅጠሉ ለምን ደረቀ?

ለምወድሽ እናቴ፣

ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? አባዬንስ ያ ሳል ለቀቀው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ደህና ነኝ።

የላክሽልኝ ወሬ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ጎረቤትሽ አክስቴ በግቢያችሁ መካከል የነበረውን አጥር ባፈረሰች ሰሞን የሎሚ ችግኞችሽ ጠወለጉ፤ አንቺም አፈሩ ረጥቦ ቅጠሉ የሚደርቀው የሳሙና ውሃ ብትደፋበት ነው ብለሽ ከገዛ እህትሽ ጋር ተኮራረፍሽ። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺው ነሽና ነገሩን ላጣራ ተነሳሁ።

የማጸዳው ቢሮ ውስጥ በሦስት ሸክላ የተተከለ አንድ ዓይነት ተክል አለ። ሁሉንም በአንድ ጣሳ ልክ አጠጣለሁ። ሻይ የሚፈላበት ክፍል ያለው እንፋሎት ስለማይለየው ቶሎ አይጠማም። መስኮት ሥር ፀሐይ የሚመታው ቶሎ ይጠማል። ቬንትሌተሩ ፊት ያለው ግን ጭራሽ አይጠግብም! ጠዋት አጠጥቼው ከሰዓት አንገቱን ደፍቶ አገኘዋለሁ፤ አፈሩን ስነካው ደግሞ ርጥብ ነው።

ታዲያ ውሃው የት ይገባል ብዬ አንዱን ቅርንጫፍ በፌስታል ሸፍኜ አፉን አሰርኩት። ዘበኛው ምሳ ልትቋጥሪለት ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። በኋላ ፌስታሉ ውስጡን በውሃ ጠብታ ተሞልቶ ሳሳየው ግን አላመነም፤ እጁን ከትቶ ዳሰሰው።

የቢሮውን ግቢ የምትንከባከበውን አትክልተኛ ጠየቅኋት። ቅጠል በጀርባው በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፣ ሥሩ የጠጣውን ውሃ በዚያ ይተነፍሰዋል አለችኝ። ሙቀት፣ ፀሐይና ደረቅ አየር ያስቸኩሉታል፤ እርጥብ አየር ያዘገየዋል። ነፋስማ ቅጠሉን የከበበውን እርጥበት እየጠረገ ይወስድበታል፣ ያሰጣሽውን ልብስ እንደሚያደርቅልሽ ማለት ነው። ሥሩ ውሃውን ቶሎ ካላደረሰለት አፈሩ ጭቃ ቢሆንም ይጠወልጋል።

እማዬ፣ ያ አጥር እኮ ነፋስ ይከልል ነበር! ደስ ብሎኝ መወልወያዬን ይዤ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ፤ ወዲያው ግን አክስቴ ብቻዋን ተቀምጣ ታየችኝና አንጀቴን በላችው። ችግኞቹ ላይ ውሃ አታብዢ፣ ሥራቸው ይበሰብሳል። በነፋሱ በኩል ካስማ ተክለሽ ጆንያ ወጥሪላቸው። ካላመንሽኝ ግማሹን ከልለሽ ግማሹን ተይና እዪው። ጆንያ ደግሞ ለብቻ አይወጠርም፤ አንዱን ጫፍ አክስቴ ትያዝልሽ።

አባዬን ጉልበቱን ስሜያለሁ በይልኝ። ያቺን ለፍላፊ ታናሽ እህቴን ጉንጯን ሳሚልኝ። ታላቅ ወንድሜንና ባለቤቱን እንደምን ናችሁ በይልኝ። የአክስቴን ሰላምታ ግን በሰው እንዳትልኪው። አንቺ ራስሽ ሄደሽ አንገቷን አቅፈሽ በእኔ ስም ሳሚያት፤ ስትጨርሺ ደግሞ አንዴ በራስሽ ስም።

ጥያቄ የማያልቅባት ልጅሽ

ከሥራ ቦታ፣ ከዕቃ ክፍሉ በርጩማ ላይ
ኅዳር ፱ ቀን