ኤርሱሞን እንጉዳይ ያስተማርኩበት ክረምት

ውድ አየለች፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር እንድትረጂልኝ እፈልጋለሁ፤ ኤርሱሞን ይቅር አላልኩትም። ደብዳቤውን አጋምሰሽ «ልቡ ራርቷል» ብለሽ እንዳትሳሳቺ ነው መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት።

ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የአንቺን ከምባትኛ ከእኔ ሀድይኛ ጋር እየቀላቀልን ብንኖርም ፊደል ያስቆጠርኩሽ በአማርኛ ነውና በእሱ እጽፍልሻለሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ምሳ ከበላሁ በኋላ ዝናብ ጀመረ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የራሴን ሐሳብ እንኳ አያሰማኝም። ቆርቆሮውን አላየሽውም። የሣሩ ክዳን ስላፈሰሰ አምና በጋ ላይ አስለወጥኩት። ልጃችን ተድራ ዱራሜ ገባች። እኔም ጡረታ ወጣሁ። እንሰቱ ደህና ነው፤ ከአጥሩ ሥር የተውሽውን ሳማ ግን ማንም እንዳይነቅለው ከልክያለሁ።

ነገሩን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ጠባዬን ታውቂዋለሽ።

ያን ቀን ለጎረቤታችን ለቅሶ የእድሩ ሴቶች ሁሉ ምግብ ይዘው ሄዱ። አንቺ በቅቤ የበሰለ እንጉዳይ ከቆጮ ጋር ወሰድሽ። የእድሩ ዳኛ ኤርሱሞ ደግሞ የበሬ ሥጋ አቀረበ፤ ሰውም አመሰገነው። በማግስቱ አራት ሰዎች በተቅማጥና በትውከት ወደቁ። ከጤና ጣቢያ የመጣው ድሬሰር ሦስቱን አተረፈ፤ አራተኛው፣ አንድ አዛውንት፣ ሞቱ። ቀብር ላይ ኤርሱሞ «የማታውቀውን እየለቀመች መርዘኛ የጅብ ጥላ አበላችን» አለ። ያን ጊዜ ኤርሱሞ የተናገረውን የሚመረምር አልነበረም።

እድሩ ተሰብስቦ የአንቺ ምግብ ለቅሶ ቤት እንዳይገባ ወሰነ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ሲያነብ እጄን አወጣሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ቀኑ ተሳስቷል፤ ዛሬ አሥራ አራት እንጂ አሥራ ሦስት አይደለም» ብዬ አሳረምኩና ተቀመጥኩ። ቀኑን አሳረምኩ፤ ፍርዱን አላሳረምኩም። ቤት ስገባ «ምን ወሰኑ?» አልሽኝ። ነገርኩሽ። «አንተስ ምን አልክ?» አልሽ። እሱንም ነገርኩሽ። «ጎሽ» ብለሽ ሳህን ማጠብሽን ቀጠልሽ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ሁለተኛ አንስተሽብኝ አታውቂም። ብትጮሂብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ እጅሽን ለቅሶ ሄድሽ። በበሩ አጠገብ ትቀመጫለሽ፤ ውሃ እንኳ ለማቀበል ብትነሺ ሌላዋ ቀድማ ትነሳለች። ሳንባሽ ሲታመም ሊጠይቁሽ የመጡት ሦስት ሴቶች ብቻ ነበሩ። ስታርፊ ግን እድሩ ደንቡ ነውና ጉድጓድ ቆፈረ፣ ድንኳን ተከለ። ኤርሱሞም ቆሞ ስለ ትሕትናሽ ተናገረ። የተናገረውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።

ማድረግ የሚገባኝን ያደረግሁት ካለፍሽ በኋላ ነው። ደብተሬን ይዤ የተረፉት ሦስቱ ዘንድ በየተራ ሄድኩ፤ የሟቹንም ልጅ ጠየቅሁ። ያን ቀን ምን በላችሁ? በየትኛው ሰዓት? ማን አቀረበላችሁ? አራቱም ሥጋውን በልተዋል። ከአንቺ ሳህን የቀመሰ አንድም የለም። ደብተሩን ለሽማግሌዎች ባሳይ «መምህር፣ ሙት አይካሰስ» ብለው መለሱኝ። እንግዲህ ጠበቅሁ። መጠበቅ እችልበታለሁ።

ባለፈው ጥቅምት በሬውን ያረደው ሰው በጸሎት ቤት ከሕዝቡ መሀል ተነሳ። በሬው ታሞ ወድቆ ሊሞት ሲል ነው የታረደው፤ ኤርሱሞ ዝም በል ብሎኛል አለና አለቀሰ። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ኤርሱሞን ይዘው መጡ። ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ደጃፋችን ላይ አጎንብሶ ቆመ። በአገራችን ወግ ድንጋይ ያሸከሙትን ሰው አልምርም የሚል የለም። እኔም አላልኩም። «ድንጋዩን አውርድ» አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ ማለቴን ትቼ እንደ ተማሪዬ አንተ አልኩት፤ እሱም ገብቶታል።

«አየለች የማታውቀውን ለቀመች ብለሃል» አልኩት። «እሷ የምታውቀውን አንተም ትማራለህ። በየቅዳሜው ከእኔ ጋር ትወጣለህ። በመጨረሻው ቅዳሜ ብቻህን ትለቅማለህ፤ እዚህ በእሷ ምድጃ ራስህ ታበስላለህ፤ በእነዚህ ሰዎች ፊት ትበላለህ። ያን ቀን እምርሃለሁ።»

አንዱ ሽማግሌ «መምህር፣ ይሄ እርቅ ነው ወይስ ትምህርት ቤት?» አሉ።

«ልዩነቱን አላውቅም» አልኳቸው።

ዝናብ እስኪመጣ በሳማ ጀመርኩለት። አንቺ ቅጠሉን ከሥሩ ይዘሽ ወደ ውስጥ አጥፈሽ ስለምትቀጥፊው አይለበልብሽም ነበር። ለእሱ ግን «ልቀም» ብቻ አልኩት። እጁ እስከ ክርኑ ቀላ፤ አልጮኸም። እንዴት እንደሚቀጠፍ ያሳየሁት በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ኮሽምና አጋም ከሞርሲቶ መንገድ ዳር አስለቀምኩት፤ ቀጋ በቁጥቋጦው እሾህ አስፈለግሁት። የሱቁ ባለቤት፣ ያ ጉራጌው ወዳጃችን፣ ጠዋት ጠዋት ቅርጫት ይዘን ስናልፍ እያየ «ዳኛው ከፍየል ጋር ተስማሙ እንዴ?» እያለ ገበያውን ያስቀው ነበር። ኤርሱሞ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። እውነቱን ልንገርሽ፤ ደስ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ምግብ የጣመኝ በእነዚያ ሳምንታት ነው።

እንጉዳዩ ሲመጣ ፍርሃቱም አብሮት መጣ። ከኩይሳው ሥር የሚበቅለውን ስሰጠው እያሸተተ «መምህር፣ ይቺ ትበላለች ወይስ ትበላኛለች?» ይለኛል። አልስቅለትም። ዣንጥላውን ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ቀለም እስኪናገር፣ የተሰበረበት ቦታ መልኩን ሲቀይር እስኪያይ፣ ሽታውን ከምን ጋር እንደሚመሳሰል እስኪነግረኝ አላሳልፈውም። ሰኔ ላይ ሁለት ጊዜ ጥዬዋለሁ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ፈተና ወድቆ ከሌሞ ዳገት ቁልቁል ሲወርድ ከኋላው ሆኜ አይ ነበር።

ከዚያ ያልጠበቅሁት ሆነ። ነገሩን ወደደው። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ከእኔ ቀድሞ ደጄ ይደርሳል። «ከዋርካው ባሻገር ያለውን ሜዳ አይተነው እናውቃለን?» ይለኛል። ያ ሜዳ የአንቺ ነው። ከአንጋጫ መጥተሽ ባገባሁሽ ዓመት መጀመሪያ የወሰድሽኝ እዚያ ነው፤ አስተማሪ ሆኜ አንዱን ከሌላው መለየት አቅቶኝ የሳቅሽብኝም እዚያ ነው። አሁን ኤርሱሞ ተንበርክኮበት እንደ ሕፃን ደስ ሲለው ሳይ ደሜ ፈላ። ስምሽን የቀማኝ ሰው ሜዳሽንም ሊቀማኝ ነው አልኩ። ያንን እንዲያይ እኔው ዓይን ሰጠሁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

እንጉዳይ ከመሬት በላይ አይሰበርም፤ በቢላዋ ከሥሩ ተቆፍሮ ይወጣል። ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ነጩ ገዳይ ከላይ ሲያዩት ከሚበላው ወንድሙ አይለይም፤ የሚለየው ከአፈር በታች ባለው ከረጢት ነው። የሰበረ ሰው ከረጢቱን ከመሬት ትቶት ይሄዳል። ለኤርሱሞ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ይቆፍራል። ሲቸኩልና ደስ ሲለው ግን ይረሳዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ከጽዱ ሥር ረሳው። ቀጠፍ ቀጠፍ አድርጎ አምስት ነጭ ወደ ቅርጫቱ ጨመረና ቀድሞኝ ሄደ። ጎንበስ ብዬ ቀዳዳዎቹን አየሁ። ከአምስቱ በአንደኛው ከረጢቱ ተቀምጧል። ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አፌን ዘጋሁና አፈሩን በጫማዬ ረግጬ ደፈንኩት።

አየለች፣ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ያየሁትን ስህተት ሳላርም አልፌ አላውቅም። ነጠላ ሰረዝ እንኳ አላለፍኩም። ይህን አለፍኩ።

ስንመለስ ቅርጫቱን ልያዝልህ ብዬ ተቀበልኩትና ሳያየኝ አምስቱንም ነጮች ለይቼ ከጉድጓድ ጣልኳቸው። ያን ቀን ማንም አልተጎዳም። ስህተቱን ግን አልነገርኩትም። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ፈተናው ነው። ብቻውን ይወጣል፤ እኔ አልከተለውም። ሽማግሌዎቹ ለምሳ ተጠርተዋል። እሱ ከደስታው ብዛት አሁንም እንደሚቸኩል አውቃለሁ፤ ተማሪዬን አውቀዋለሁ።

ብነግረው ያልፋል። ካለፈ ልምረው ግድ ነው፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ባልነግረው ደግሞ «የማታውቀውን እየለቀመች» ያለው አፍ የማያውቀውን ለቅሞ ይበላል፤ ያውም በራሱ እጅ፣ በአንቺ ምድጃ። ማንም እኔን አይወቅስም። አስተምሬዋለሁ፤ ምስክር አለኝ። ይህን ሳስብ ደረቴ ውስጥ ሙቀት ይሰማኛል፤ ልደብቅሽ አልችልም።

ትናንት ገበያ ላይ አግኝቶኝ ሰላምታ ሰጠኝ። «መምህር፣ የቀረኝ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደብተሬን ልይ» አልኩት። ደብተር አያስፈልገኝም ነበር።

የምትይውን የማውቅ ይመስለኛል። ግን የእኔ መገመት አይበቃም፤ ያን ቀን በስብሰባው ላይ ስለ አንቺ ሆኜ ባለመናገሬ የመጣውን አይተናል። አሁን ደግሞ በአንቺ ስም ሆኜ መፍረድ አልፈልግም። እስከ ነገ ማታ አንድ ቃል ብቻ ንገሪኝ፤ በሕልምም ቢሆን፣ በልጃችን አፍም ቢሆን። ኤርሱሞ ቅዳሜ የሚወጣው ገና ሳይነጋ ነው። ከእሱ ቀድሜ ተነስቼ ደጁ ላይ ልቁም ወይስ ቤቴ ልተኛ? እባክሽ መልሱን ቶሎ ስጪኝ።

ባለቤትሽ