ወደ ታች የሚቆጥር ስክሪን፣ ወደ ላይ የሚቆጥር ጨርቅ

የማርጋዢ ወር 19፣ ቅዳሜ

ለመላው ዓለም ሕዝብ ይታወቅ ዘንድ፦ ከሐሙስ ጀምሮ ጠፍቶ የነበረው የግራ እግር ነጠላ ጫማዬ ዛሬ ጠዋት ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ተገኝቷል። የቀኙ ደስታ ወደር የለውም።

ሌላ ወሬ... ጎረቤታችን ናቴሳን ለፖንጋል፣ ለአዝመራው በዓል፣ በነጥብና በመስመር የሚሣለውን የሰፈራችንን የደጃፍ ጌጥ፣ ኮላሙን፣ ትልቅ ጨርቅ ላይ ሊያትም ነው አሉ። "በኮምፒውተር ፕሮግራሙ"። ያን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሳለን። ስሜን ፍቆ የራሱን ጻፈበት። ዕድገቱንም ወሰደ። የተረሳ መሰለው?

ማርጋዢ 22፣ ማክሰኞ

ሙከራው ታተመ። ያ ሁሉ ኮላም የቴምብር ያህል ሆኖ ወጣ። ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። ስክሪኑም ማተሚያውም የሚለኩት በነጥብ ነው፤ የማተሚያው ነጥብ ግን ከሰናፍጭ ታንሳለች። ስክሪን የሚሞላው ስድስት መቶ ነጥብ ጨርቅ ላይ አንድ አውራ ጣት አይሞላም።

"ጋሼ ሱንዳሬሳን፣ ምን ይሻለኛል?" አለኝ።

"መለኪያውን ወደ ሚሊሜትር ቀይረው።"

"በቃ?"

"በቃ።"

አልበቃም። ስክሪኑ ከላይኛው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ታች ይቆጥራል። ሚሊሜትሩ ደግሞ ከዚያው ጠርዝ ወደ ላይ። ከቁመት ቁጥሮቹ ፊት የመቀነስ ምልክት ካልገባ ሥዕሉ ከጨርቁ በላይ፣ አየር ላይ ይቀራል። ፕሮግራሙን ሲሰርቅ ይህቺን እውቀት አልሰረቀም።

ማርጋዢ 25፣ ዓርብ

ባዶ። አራት ሜትር ንጹሕ ነጭ ጨርቅ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ አየ። እንደ ዛሬ የጣመኝ ምሳ የለም።

ማርጋዢ 26፣ ቅዳሜ

ምሳው አልተፈጨልኝም።

ባለቤቴ ካማቺ ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ ጎንበስ ብላ ደጃፋችን ላይ በሩዝ ዱቄት ኮላም መሣል ትታለች። ዛሬ ነው የሰማሁት... የሰፈሩ ሴቶች ለጨርቁ የመረጡት የሷን ነው። ወረቀት ላይ የሣለችውን፣ ሃያ አንድ ነጥብ በሃያ አንድ። በበዓሉ ቀን ልታስደንቀኝ ደብቃኝ ነበር።

"ባዶ ወጣ አሉ" አለች፣ ምስር እየለቀመች።

"ማሽን ነው፣ ምን ይደረጋል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ማሽን ተበላሸ ብሎ ሁለት ጊዜ ሩዝ የሚያስጨምር ባል የኔ ብቻ ነው።"

ሚስቴን ነው የተበቀልኩት?

ማርጋዢ 27፣ እሑድ

ናቴሳን በሬን ሦስት ጊዜ አንኳኳ። "ጋሼ፣ አድነኝ" አለ። ቤቱ ሄጄ ከኮላሙ የቁመት ቁጥሮች ሁሉ ፊት መቀነስ አስገባሁ። አሁን ይወጣል። ከላይ ጥጉ ላይ ደግሞ "የናቴሳን ሥራ" የሚል ጽሑፍ ተሰክቷል።

እሱን... አልነካሁትም።

የታይ ወር 1፣ ረቡዕ፣ ፖንጋል

ጨርቁ ተሰቀለ። ካማቺ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ቀና ብላ አየችው። ጣቷ አየር ላይ መስመሩን ይከተል ነበር፣ ከመጀመሪያው ነጥብ እስከ መጨረሻው። ጎረቤቶቹ "የማን እጅ ነው?" ሲሉ "የኔ" አለች። ድምፅዋ እንዲህ ሲወጣ ከሰማሁ ቆየሁ።

ናቴሳን ጥግ ጥጉን ይፈልጋል።

"ስሜ የታለ?"

"አለ እንጂ። ከጨርቁ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ።"

ሰማዩን አየ። ከዚያ እኔን። ገባው። ቢከሰኝ፣ የራሱን ፕሮግራም እንደማያውቅ ማመኑ ነው።

አንድ ነገር ላርም። የእሑዱ ማንኳኳት ፈጠራዬ ነው። ናቴሳን ደጄ አልደረሰም፣ አድነኝም አላለም። ያንኳኳሁት እኔ ነኝ፣ የሱን በር። ሦስት ጊዜ የሚለው ግን እውነት ነው።