ባለ ሁለት ስፒናው ገመድ

ሐምሌ 28 ቀን 2001

ጉም። ነፋስ ሽቦውን በጥሶ እኛን ሦስት ቤት ከመሐል ሜዳ ከተማ መብራት ነጥሎናል። ልጄ የላከልኝን ትንሽ ጄኔሬተር አስነሳሁ። ሁለቱም ጫፉ ስፒና የሆነ ገመድ ራሴ ሠርቻለሁ... አንዱ ጄኔሬተሩ ላይ፣ አንዱ የግድግዳው ሶኬት ላይ። ቤቱ ቦግ! የቆጣሪውን ማጥፊያ ካላወረዱት ግን መብራቱ ወደ ጎረቤትም ይሄዳል።

«ጋሼ፣ መብራት መጣ!» አለች አማከለች ከአጥሯ ማዶ፣ በእልልታ።

«ጸሎትሽ ደረሰ።»

ማጥፊያውን አወረድኩ፤ ጠፋባት። መለስኩ፤ በራላት።

«ምነው ይሄ መብራት የእርስዎን አመል ያዘ?»

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። በሰባ ስድስት ዓመቴ!

ሐምሌ 30

ዛሬ ፊደሉ አያምርም።

ከቀትር በኋላ ዛሬም አማከለችን ላጫውታት ብዬ ማጥፊያውን ሳላወርድ ጄኔሬተሩን አስነሳሁ። ጩኸት። ወጣሁ። ምስክር ምሰሶው ላይ በቀበቶው ተንጠልጥሏል። የአማከለች ልጅ፣ የመብራት ሠራተኛው... ክርስትና ያነሳሁት። ሽቦውን ሊቀጥል ወጥቶ ኖሯል። በጉሙ አላየሁትም። አላየሁትም እኮ... መጀመሪያ ወጥቼ ብጠይቅስ?

ገመዱን ነቅዬ ገብስ ጎታ ውስጥ ቀበርኩ። ወደ ልጁ የሮጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይሄንን ለማን እነግራለሁ?

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ደጀ ሰላሙ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ምስክርን ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወስደውታል። ነፍሱ አለች ይላሉ።

በር ተንኳኳ። ፖሊስ? የለም፣ ወንፊት ልትዋስ የመጣች ሴት።

ነሐሴ 4

ሰዉ ጥፋቱ የመኳንንት ነው ብሎ ይዟል፤ ሦስተኛው ቤት፣ ፀጉር አስተካካዩ። ያን ቀን የሱም ጄኔሬተር ይጮህ ነበር። «እኔ ማጥፊያዬን ሳላወርድ አስነስቼ አላውቅም!» ብሎ ይምላል። ማን ይስማው? እውነቱን መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ...

ለነገ አውጫጭኝ ተጠራ። የሠራውን ሰው በእርግማን ሊያወጡት። ረጋሚውስ? እኔ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ።

ነሐሴ 5

ጥዱ ሥር ተሰበሰቡ። በትሬን ይዤ ቆምኩ።

«የሠራ፣ ያየ፣ አይቶ የደበቀ...»

«ዘሩ አይብቀል» የሚለው ላይ ስደርስ አቋረጥኩ። ሰዉ «አሜን» ሊል አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። የልጅ ልጆቼ ፊት አንድ በአንድ መጣብኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሳቁ! «ኧረ ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ይተዉን!» አለ መኳንንት ራሱ።

አማከለች ግን አልሳቀችም። «አምፖሌን ያበሩት... እርስዎ ነበሩ?»

ቤቴ ሄጄ ገመዱን አመጣሁ። ከስፒናው ላይ ገብስ ይረግፋል። ያኔ አመኑኝ።

ኅዳር 2 ቀን 2002

ምስክር ሥራ ከገባ አምስት ቀኑ። ሁለት ጣቱ የለም። ጄኔሬተሩም የለም፤ ለምስክር ካሳ ከሰጠሁት ሦስት ወር ሊሆነው ነው።

ዛሬ መብራት ጠፋ። ምስክር ምሰሶው ላይ ከመውጣቱ በፊት ደጄ መጣ።

«አባባ፣ ልውጣ?»

እናቱ በርጩማዋን ይዛ ተከትላው መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ወዲህ አታናግረኝም። አንድ ቀልድ ምላሴ ጫፍ ደረሰ... ዋጥኩት።

«ውጣ ልጄ።»

እስኪወርድ ድረስ ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ምንም እንዳልያዙ እናቱ እንድታያቸው።