በዘበኛ ትከሻ ስለተጠየቀ ይቅርታ

ቃለሕይወት ወንድሜ፣ እንደምን አለህ? ይህን የምጽፈው ለሰፈራችን ሽማግሌ ነው። አክባሪ ሁን ስትለኝ ስለኖርክ፣ ስህተት ካየህ አርመኝ።

የሰፈራችን ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ለተከበሩ አቶ ኮርሳ፦

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ፉሪ ላይ አፈር ተደርምሶ ወንድሜን ቃለሕይወትን የገደለበትን መሠረት ያስቆፈሩትን አቶ ጆኒን ከእኛ ጋር ሊያስታርቁ ስለደከሙ አመሰግናለሁ። የእርቅ ቃላት ትርጉም አልገባህም ብለው በሰው ፊት ስለገሰጹኝም እንዲሁ። በትክክል ተምሬ እንደሆነ ይዩልኝ።

፩. በዳይ። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አውርድ እስኪባል አጎንብሶ የሚቆም ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚያሸክም ኖሯል። አቶ ጆኒ ወገባቸውን ስለሚያማቸው መኪናቸው ውስጥ ቆዩ፤ ድንጋዩን ተሸክመው ወደ እርቁ የገቡት ዘበኛቸው ጋሽ ኢፋ ናቸው። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። ወንድሜን ከአፈሩ ውስጥ በእጃቸው ምሰው ያወጡትም እሳቸው ነበሩ። በእርቁ ቀን ከልቡ ያለቀሰ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው።

፪. ተበዳይ። ተበዳይ ማለት ለቀብር ከዱራሜ የመጣ አጎት ነው። ወንድሜ በአንዲት ክፍል ውስጥ አብልቶ ያስተማረኝ እኔ ተበዳይ አይደለሁም። አጎቴ ይቅር ብለናል ሲል እኔ አላልኩም ብዬ ነበር። እርስዎም «ዝም በል አንተ፣ ልጅ ሽማግሌ ፊት አይናገርም» አሉኝ። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

፫. እርቅ። ምሳ ላደርስለት በሄድኩበት ቀን፣ ወንድሜ የጉድጓዱ ግድግዳ ተሰንጥቋልና በጣውላ ይደገፍ ብሎ ሲለምን፣ አቶ ጆኒም ፈሪ ብለው መልሰው ሲያስገቡት ሰምቻለሁ። እርስዎ ግን እርቅ ማለት ይህን ለፖሊስ አለመናገር ነው ብለውኛል። ትርጉሙን በየትኛውም መዝገበ ቃላት ስላጣሁት፣ የራስዎ ድርሰት መሆኑን አምኜ አድንቄዎታለሁ።

ጋሽ ኢፋ አልበደሉኝም። ቢሆንም ልባቸው እንዲያርፍ ቤታቸው ሄጄ ይቅር ብያቸዋለሁ። አቶ ጆኒን አላልኩም።

ዕድሜ ከጤና እየተመኘሁልዎ፣ እንዲናገር ያልተፈቀደለት ታናሽዎ፣
ሙሴ፣ ከሀና ማርያም

ድኅረ ጽሑፍ፦ አጎቴ ሐሙስ ወደ አገሩ ተመለሰ። ዓርብ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን፣ ቀስቃሽ ሳይኖረኝ ነቃሁ። ዩኒፎርሜን ለብሼ በሩን ቆለፍኩና ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪዋ ከማን ጋር እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ብቻዬን ነኝ አልኳት፤ ከዚያ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት።